ፉንዲ ዳባሶና የማይቆመው ፔዳል

ሰው ሁሉ ስለ ዳባሶ ሲያወራ ከእግሩ ይጀምራል። እኔ ግን ከጆሮው ነው የምጀምረው፤ እግሩ ይቆየን።

ዳባሶ የብስክሌት ፉንዲ ነው። እዚህ በኬንያው ሞያሌ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ፉንዲ ነው፤ ግንበኛውም ፉንዲ፣ ልብስ ሰፊውም ፉንዲ። እሱ ግን ከብስክሌት ሌላ አይነካም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእኔ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በዚያችው ባለሦስት እግር በርጩማ ተቀምጦ ሠርቷል። እኔ እታለማሁ እባላለሁ። የብስክሌት ዕቃ ነው የምሸጠው፤ የጎማ ውስጥ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ ራጂ፣ ዳዶ፣ ማስቲሽ። በስደት መጥቼ፣ ስደቱ አልቆ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሱቁን የከፈተው ባለቤቴ ነበር። እሱ ሲያርፍ ብዙ ሰው «ሴት ልጅ ስለ ብስክሌት ምን ታውቃለች?» አለ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አላውቅም ነበር። ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ዳባሶ ነው። ከማስተማሩ ጋር ታዲያ «እትዬ» ይለኛል እንጂ በሱ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ብበልጠውም «አንቺ» ነኝ። ለምጄዋለሁ።

ጆሮው እንዲህ ነው። ዳባሶ ጠግኖ የጨረሰውን ብስክሌት ራሱ አይሞክረውም። ባለቤቱን «እስከ መስጊዱ ሂድና ተመለስ» ይለዋል። ሰውየው ፔዳሉን ሲረግጥ ዳባሶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲሄድም ሲመለስም ያዳምጣል። ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል። ጥፋት ከሰማ «ድገም» ይላል። ካልሰማ «ውሰድ» ይላል። አንድ ጊዜ ከኡራን የመጣ ሰው ሦስቴ «ድገም» ተብሎ ሦስቴ ሄዶ ተመለሰና ተቆጣ። «ምን አድርግ ነው የምትለኝ? ይሄዳል እኮ!» ዳባሶ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ከግራ ፔዳልህ አንዲት የኩሽኔታ ፍሬ ጎድላለች» አለው። ፈታነው። ጎድላለች! ከዚያ ወዲህ «ድገም» ሲል ማንም አይከራከረውም።

አሁን ወደ እግሩ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሸምበቆ ያህል ናት። በአራት ዓመቱ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ውስጥ ከብት በሚጠብቁበት ቦታ ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱ እሱን ለቀቀው፣ እግሩን ግን ይዟት ሄደ። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንተ፣ የሰው ብስክሌት ስታድን ኖረህ አንድ ቀን እንኳ መንዳት አላማረህም?» አልኩት። «ሐኪም የበሽተኛውን ኪኒን ይውጣል እንዴ?» አለና ሳቀ። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ ዛሬ አፍራለሁ።

ታዲቻ የሚባለው የጎዶማ መንደር ፍየል ነጋዴ ያንን ጉደኛ ብስክሌት ያመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ፍየል ጭኖ ናይሮቢ ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ከሎሪው ጣራ ላይ ብስክሌት አወረደ። እኔ ብዙ ብስክሌት አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ዕቃ መጫኛ የለው፣ ደወል የለው። ፍሬን እንኳ ከፊት አንድ ብቻ። «ይሄ ብስክሌት ልብሱን ማን ገፈፈው?» አልኩ።

ታዲቻ አልሳቀም። «ለልጄ ለሀዋኦ ነው የገዛሁት» አለ። ሀዋኦ ጎዶማ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረች አራስና ሕፃን የምትጠይቅ የጤና ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ነው። «ግን በሽተኛ ሸጡልኝ። ፔዳሉ አይቆምም! ጎማው ከዞረ እግርም የግድ መዞር አለበት። ቁልቁለት ላይ ሊገለኝ ነበር። ዳባሶ፣ ሎሪው ቅዳሜ ይመለሳል። ቅዳሜ ደኅና አድርገህ አስረክበኝ።»

«ቅዳሜ ትወስዳለህ» አለ ዳባሶ። ቃሉ ይቺ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ብስክሌት «አልቻልኩም» ብሎ መልሶ አያውቅም።

እኛ አገር ብስክሌት ሲታመም በሽታው የታወቀ ነው፤ አቧራ ነው። በደኅናው ብስክሌት ላይ እግርህን ስታቆም ከኋላ ያለው ፍሪዊል ቲክ ቲክ ቲክ እያለ ፔዳሉን ያሳርፈዋል፣ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። አቧራ ሲገባበት ፍሪዊሉ ይደርቅና ፔዳልና ጎማ አብረው ይታሰራሉ። ዳባሶም ያለ ጥርጥር፣ «ፍሪዊሉ ደርቋል» አለ። እኔም «ደርቋል» አልኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ «ደርቋል» ብሎ አለፈ። ዳባሶ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ካቴናው የሚያርፍበትን ጥርስ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከረው። ማክሰኞ ጠዋት አወጣው፤ ያው ነው። በመዶሻ ኮረኮመው፤ ያው ነው። ዘይት አጠጣው። ብትን ብሎ ይከፈታል ስንል እንደ ድንጋይ ድርቅ!

«ምናልባት ሲነዳ ይለቅ ይሆናል» አለና ቦዳቦዳ፣ ያን የሞተር ታክሲ፣ የሚነዳውን አዳንን ጠራው። አዳን ሞተር ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ኩራቱ ለጉድ ነው። «ይቺን?» ብሎ ወጣባት፤ ቁልቁለቱን ለቀቃት። እንደ ልማዱ እግሩን አሳረፈ። ፔዳሉ ግን አላረፈም፤ እግሩን ከሥር አንሥቶ ወርውሮ ከሽንኩርት ሻጮች ማዳበሪያ ላይ ዘረጋው። አዳን ተነሥቶ መጀመሪያ ብስክሌቱን ረገመ፣ ቀጥሎ የእኔን ሱቅ ረገመ፣ ከዚያ ሽንኩርት ይለቅም ጀመር። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዳባሶ ግን አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «እትዬ» አለኝ፣ «የደረቀ ፍሪዊል ይንቋረራል። ይሄ አይንቋረርም። ይሄ ጤነኛ ነው የሚመስለው።»

«ጤነኛ ሰው ይወረውራል?»

«እንጃ» አለ። ዳባሶ «እንጃ» ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

መልሱን ያመጣው ምዋሊሙ ዴኒስ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከምዕራብ ኬንያ፣ ከሐይቁ አገር የመጣ ረጅም ልጅ። ከመነዳሪ ሊገዛ ብቅ ሲል ብስክሌቱን አየና ዕቃውን ረስቶ ተቀመጠ። «ፉንዲ፣ ይሄ እኮ አልታመመም» አለ ስዋሂሊና እንግሊዝኛውን እየቀላቀለ። «አሠራሩ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ወጣቶች ይሽቀዳደሙበታል። ውስጡ ፍሪዊል የሚባል ነገር የለውም። ጥርሱ ከጎማው ጋር አንድ ነው።»

እኔ ለሁለት ቀን ሙሉ የሌለ በሽታ በነጭ ጋዝ ስናክም መክረማችንን አስቤ ራሴን ያዝኩ። ዳባሶ ግን ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል?»

«የግድ ነው።»

«እግር ሳይገፋውም?»

«ጎማው እስከዞረ ድረስ።»

«ምንም ሳይገፋው?»

ዴኒስ ግር አለው። «ምንም ሳይገፋው፣ ፉንዲ።»

ሰው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሲጠይቅ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ያኔ አልገባኝም። ዴኒስም አስተማሪ ነውና ጥያቄ ካገኘ አያቆምም፤ ለአዲስ ነጂ የሚያስፈልገውን ይዘረዝር ጀመር። የፊት ፍሬን የግድ ነው አለ፤ የናይሮቢ ወጣቶች አውልቀው ይነዳሉ፣ አንተ እንዳትሰማቸው። እግር ከፔዳሉ ጋር መታሰር አለበት፤ ይሄ ፔዳል የወደቀን እግር አይጠብቅም። ሱሪ ከቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰር፤ ካቴናው ሱሪ ከያዘ ቆሞ አይለቅም፣ ይበላል። ካቴናው ራሱ ጥብቅ ይበል፤ ከላላ ይወልቃል፣ ከወለቀ ጎማው ይታሰራል። ሄልሜት። የኋላውን ዳዶ የሚፈታ የአሥራ አምስት ቁልፍ ከኪስ አይጠፋ። እኔ ነጋዴ ነኝና እያንዳንዱን ሲጠራ በልቤ «አለኝ፣ አለኝ፣ የለኝም» እል ነበር። ዳባሶ ግን የሰማው «ምንም ሳይገፋው» የሚለውን ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሱቅ ስመጣ ዳባሶ ቀድሞኛል። ብስክሌቱን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ እንደምንም ወጥቶ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንውል ከበርጩማው ሌላ ነገር ላይ ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ግፊኝ።»

«ወድቀህ አንገትህ ቢሰበርስ?»

«ግፊኝ አልኩሽ!»

የቀጨጨችው እግሩ ፔዳሉ ላይ አልቀመጥ ብላ ትንሸራተታለች። ከመነዳሪ ቀድዶ ጠፍሮ አሰራት። እኔ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ፣ አንድ እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ገፋሁ። ቀኝ እግሩ ወደ ታች ረገጠች። ከዚያ የግራዋ ተራ ደረሰ። ያቺ በዕድሜዋ አንድ ነገር ገፍታ የማታውቅ እግር ከላይ ደረሰች፣ ወደ ፊት ሄደች፣ ወረደች፣ ከኋላ ተመልሳ ወጣች። ፔዳሉ ይዟት ዞረ። ደግሞ ዞረ።

«ያ ዋቃ!» አለ ዳባሶ አምላኩን ጠርቶ። «ትዞራለች! እትዬ፣ እያየሻት ነው? እግሬ ትዞራለች!»

አየኋት። ከመንገዱ መሐል ቆሜ አለቀስኩ፣ አላፍርም። እሱም ነገረኝ፤ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን። «በአሥራ አምስት ዓመቴ የአጎቴን ብስክሌት ሰርቄ ሞክሬ ነበር። ቀኜ ይገፋል፣ ይወርዳል። ከዚያ የግራዋ ተራ ነው። እሷ እላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ብስክሌቱ ይቆማል፣ እኔ እወድቃለሁ። አሥር ጊዜ ወደቅሁ። ከዚያ ‹ሐኪም ኪኒን አይውጥም› የሚለውን አገኘሁ።»

ያን ሳቄን ከሰው ጆሮ ብሰበስበው በወደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሱቅ ሳንከፍት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሎሪዎች የሚዞሩበት ሜዳ ላይ ነበርን። ምን ያልሞከርነው አለ? ከመነዳሪው ማሰሪያ ይሳባል። ኀሙስ ዕለት እየነዳ ሊያጠብቀው ጎንበስ ሲል ተፈታና እሱም ወደቀ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ» አልኩት፣ አቧራውን እያራገፍኩ። ተረቱን እንድደግምለት ጠየቀኝና ቁጭ ብሎ በእውነት አሰበበት። በዚያው ማታ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጦ፣ ዘለበቱን ከላይ አድርጎ፣ የግመል ጭነት እንደሚታሰረው በሁለት ዙር የሚጠብቅ ማሰሪያ ሠራ። ለግራዋ ብቻ። ቀኙን ነጻ ተወው፤ ሲቆም መሬት የሚረግጠው በሱ ነውና። ይሄን ምዋሊሙ ዴኒስም አላሰበውም። አዳን፣ ከሽንኩርቱ ቂም ጋር፣ የቦዳቦዳ ሄልሜቱን አዋሰን። ሱሪውን በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩለት። ምርኩዙስ? ምርኩዙን የት እናድርገው? ስንከራከር ቆየን። በመጨረሻ ከላይኛው ቧንቧ ጋር በጎማ ቁራጭ አሰርነው፤ በሄደ ቁጥር ኳ ኳ ይላል።

ዓርብ ጠዋት ሜዳውን ያለ እኔ እጅ ሦስት ጊዜ ዞረ። ፍጥነት ሲቀንስ በቀኙ ወደ ኋላ ይቋቋማል፣ ፍሬኑን በሁለት ጣት ይነካል። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰላችሁ! አርባ አምስት ዓመቱን ሁሉ የት ደብቆት ኖሮ?

ከዚያ ወረደና፣ «በይ፣ እንሂድ። ዛሬ ልቀይረው ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ፍሪዊል ልግጠምለት። ነገ ታዲቻ ይመጣል።»

ደሜ ፈላ። «ዕብድ ነህ? አልተቻለም በለው! ምዋሊሙ ያለውን ንገረው፣ አሠራሩ ነው በለው። ወይ ይሽጥልህ!»

«ብስክሌቱ የሀዋኦ ነው፣ እትዬ። እሷም በእግሯ ነው የምትደክመው። ቁልቁለት ላይ ሕፃን ልትጠይቅ ስትሄድ ይወርውራት?»

«አንተስ?»

«እኔ ሦስት ቀን ነዳሁ» አለ። «ዜሮ ነበር፣ ሦስት ሆነ።»

ሱቅ ስንደርስ ዋሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ፍሪዊል ጨርሻለሁ፤ የሚቀጥለው ወር ይመጣል» አልኩት። ዳባሶ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከካቴናው ኋላ፣ ሁለት አሉ» አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮሽ የዋለን ሰው መዋሸት አይቻልም። ፍሪዊሉን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት።

ጥርሱን መፍታቱ ራሱ ጉድ ነበር። ጥርሱ እንዳይላቀቅ ከላዩ ላይ ቀለበት ተቆልፎበታል። ዳባሶ በመሮና በመዶሻ እንደ ማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ሲገፋ፣ ቀለበቱ ይበልጥ ይጠብቃል። እኔ በንዴትም ቢሆን ማየቴን አልተውኩም። ቆየና መዶሻውን አስቀመጠ። «ይሄን የሠራው ሰው ሞኝ አይደለም» አለ። «ጥርሱ ወደ ግራ ሊላቀቅ ሲል ቀለበቱ እንዲይዘው ነው። ስለዚህ ቀለበቱ በተቃራኒው ነው የሚፈታው።» ወደ ቀኝ መታው፤ ተፈታ። ከዚያ አንድ ክንድ ብረት ላይ አሮጌ ካቴና በቡሎን አሰረና ጥርሱ ላይ ጠመጠመው። በብረቱ ሲስበው ጥርሱም ወጣ። አዲሱን ፍሪዊል በቦታው አጠመዘዘው፤ እዚያው እንደተወለደ ሆኖ ገባ።

ዳባሶ እጁን አቆመ። ያወጣውን ጥርስ አነሣ፣ ፍሪዊሉን አየ፣ ጥርሱን አየ።

ቅዳሜ ታዲቻ ከሎሪው ወረደ። «እስከ መስጊዱ ሂድና ተመለስ» አለው ዳባሶ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ታዲቻ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ቲክ ቲክ ቲክ እያለ መጥቶ ቆመ። እኔ በልቤ «ድገም በል! አንድ ጥፋት ፈልግ!» እላለሁ።

«ውሰድ» አለ ዳባሶ።

ታዲቻ ደስ ብሎት ትከሻውን መታው። «ለመሆኑ በሽታው ምን ነበር?»

ዳባሶ መዳፉን ዘረጋ። ጥርሱ፣ የሻይ ሰሐን የማታህል፣ ተቀምጣለች።

«ይቺ ናት? ጣላት!»

«ለእኔ ስጠኝ።»

«በሽታ ምን ያደርግልሃል?» ታዲቻ ሳቀ። «ውሰድ፣ ካንተ ይሁን!» ብስክሌቱን ጣራ ላይ አሳሰረ፤ ሎሪው ተነሥቶ ሄደ። እኔ ዳባሶን ላለማየት ወደ ውስጥ ገብቼ የማያስፈልግ ዕቃ ደረደርኩ።

ውጪ መሰላል ሲጎተት ሰማሁ። ብቅ ብል አዳን መሰላሉ ላይ ወጥቷል፣ ዳባሶ ከታች ያዝዘዋል። የሱቄ በር ላይ፣ ለምልክት ብለን፣ አሥራ አንድ ዓመት የሰቀልነው አንድ ብላክ ማምባ ነበር፤ ያ ከባዱ ጥቁር የአገሩ ብስክሌት፣ ወፍ ሁለቴ ጎጆ የሠራችበት። እያወረዱት ነው።

«ምልክቴን የት ልትወስዱት ነው?»

«እትዬ» አለ ዳባሶ፣ ዓይኑ እያበራ፣ «የማምባ ፍሪዊል የናይሮቢው ብስክሌት ላይ ከገባ፣ የናይሮቢው ጥርስስ ማምባ ላይ ለምን አይገባም?»

የዛገውን ፍሪዊል አወጣን፣ ጥርሱን አጠመዘዝን። ገባ! ካቴናው ልኩ፣ ውፍረቱ ልኩ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ቸኩዬ ነበር ለካ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ፍጥነት ሊቀንስ በቀኙ ወደ ኋላ ሲቋቋም፣ ጥርሱ ተጠምዝዞ ተላቀቀና ዳባሶ በደረቱ ወደቀ። የሚቆልፍ ቀለበት የለዋ! የናይሮቢው ቀለበት ደግሞ አይገባም፤ ማምባው ላይ የሱ መጠምዘዣ አልተሠራለትም።

ጉልበቱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። «በቃ ተወው» አልኩት፤ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ በፈታ ቁጥር የአሮጌ ዕቃ ቆርቆሮውን በርጩማው ሥር ደፍቶ ቀለበት ሲለካ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከተጣለ ብስክሌት የፔዳሎቹን መሐል ብረት የሚይዘውን ወፍራም ቀለበት አነሣ። ያ ቀለበት ከኋላ ጎማ ጋር ምን ዘመድ አለው? ማን ያስባል? አጠመዘዘው፤ ሄዶ ጥርሱ ላይ ልክክ አለ። በመሮ ጥርቅም አደረገው። እኔና አዳን ፔዳሉን ይዘን ወደ ኋላ ታገልነው። ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰው ከመስጊድ ወጥቶ መንገዱ ሞልቶ ሳለ፣ ዳባሶ ግራዋን በቀበቶው አሰረ፣ ሄልሜቱን ደፋ፣ ምርኩዙን ቧንቧው ላይ አጠበቀ። ከዚያ በርጩማውን በእጁ አሳየኝ።

«ተቀመጪ።»

«እኔ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ። እስከ መስጊዱ ሄጄ እመለሳለሁ።»

ተቀመጥኩ። ጨፈንኩ። ጎማው ጠጠሩን ሲጨፈልቅ ሰማሁ። ምርኩዙ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። ከወደ መስጊዱ መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፣ ቀጥሎ አንዱ «ፉንዲ?» አለ፣ ቀጥሎ ብዙ ሰው «ፉንዲ! ፉንዲ!» አለ። እንባዬ ከተጨፈነ ዓይኔ ሥር ይወርዳል። ካቴናው ዝም ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ አለው። ቲክ ቲክ የለውም። ቅርብ መጣ፣ ዘገየ፣ ቆመ።

«እህ፣ ምን ሰማሽ?»

ጥፋት እንዳልሰማሁ እኔም አውቃለሁ።

«ድገም» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ድገም አልኩህ!»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ መሪውን አዙሮ እንደገና ወደ መስጊዱ ሄደ።